ካርዱ ይታፈን፣ ንፋስ አይምታን

በአገራችን ያረጀ ነገር ሥራ በዝቶበት አይሞትም፤ ታፍኖ ነው የሚሞተው። ሽማግሌውን በጋቢ ላይ ጋቢ እንደርብበታለን፣ በሽተኛውን መስኮቱ በተደፈነ ክፍል እናስተኛዋለን፣ መኪናውን ግጥም አድርገን ዘግተን እንሳፈራለን። ከዚያ «ምን ነካው?» ብለን እንጠያየቃለን። ምን ይነካዋል… አየር አጥቶ ነዋ!

ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም (ማማቴ ባይቀርም)። በገዛ ኮምፒውተሬ ስለደረሰብኝ ነው።

ጂንካ ያላችሁ ታውቁኛላችሁ፤ የማታውቁኝም ብዙ አልቀረባችሁም። ሠርግ እቀርጻለሁ፣ የመዘምራን ቪዲዮ አቀናብራለሁ፣ የተመራቂ ፎቶ አነሳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ፂሜ ከበቀለ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ሲያታልለኝ ከእናንተ ይልቅ እኔን ያንገበግበኛል። እናንተ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስትታለሉበት አድጋችሁ ለምዳችሁታል፤ እኔ ግን ማንበብ የተማርኩት የተጻፈ ሁሉ እውነት መስሎኝ ነው።

ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው። ውስጡ ግራፊክስ ካርድ የሚሉት ነገር አለ። ካርድ ስላችሁ የስልክ ካርድ እንዳይመስላችሁ፤ ያኛው ተፍቆ ነው የሚያልቀው፣ ይኼኛው ሳይፋቅም ያልቃል። ሥዕሉን ሁሉ ተሸክሞ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። የኮምፒውተሩ ወዛደር በሉት። ሌላው አካል ቁጭ ብሎ ያዛል፤ ካርዱ ይሸከማል፤ ሲሸከም ይሞቀዋል፤ ሲሞቀው የሚያራግብለት ካጣ ደግሞ ሥራ ያቆማል። እስቲ አሁን ይኼ ምኑ ያስወቅሰዋል? እኔም ብሆን አቆም ነበር።

ችግሩ ሥራ ያቆመው በአቶ ማርቆስ ልጅ ሠርግ ላይ መሆኑ ነው። አቶ ማርቆስ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ እዚያ ያላለቀ ጉዳይ አለኝ። የሠርጉ ፊልም ቅዳሜ በመልሱ ድንኳን ውስጥ በትልቅ ስክሪን እንዲታይ አዘዋል። ካልደረሰ ደግሞ በዚህ ከተማ ካሜራ ተሸክሜ እንዳያዩኝ በትሕትና አሳስበውኛል። የኃላፊ ትሕትና ታውቁ የለ? ፈገግ እያለ ነው የሚነቅልህ። ጂንካ ደግሞ ትንሽ ናት፤ አንድ መልስ ያበላሸ ቪዲዮ አንሺ ከዚያ በኋላ የሚቀርጸው የራሱን ፍየሎች ነው።

እኔም ፊልሙን አቀናብሬ ጨርሼ ኮምፒውተሩን «በል እንግዲህ አንድ ሙሉ ፊልም አድርገህ አውጣው» አልኩት። ጀመረ። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ፓስተሩ ባረኩ፣ አጃቢው ጨፈረ፣ ሙሽራዋ ኬኩን ልትቆርስ ቢላዋውን አነሳች… ስክሪኑ ድርግም! እንደገና አስነስቼ ጀመርኩ። ገቡ፣ ተባረኩ፣ ጨፈሩ፣ ቢላዋው ተነሣ… ድርግም። ኬክ የማይቆረስበት ሠርግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቀኑን ሙሉ እሱን ስመለከት ዋልኩ።

ታምራትን ጠራሁት። ታምራት ከወላይታ መጥቶ እዚሁ የቀረ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ጎበዝ ነው፤ ሆዱም ሩኅሩኅ ነው፤ ይቺ ሩኅሩኅነቱ ኋላ ጉድ እንደምትሠራን ግን ያኔ አላወቅኩም። ሣጥኑን ፈታታው። ከውስጥ የወጣው አቧራ አንድ ቀበሌ ያለብሳል። ከሣጥኑ ሁለት ማራገቢያዎች አንዱ ሞቷል፤ ሌላው ዳገት እንደያዘ አሮጌ አይሱዙ ያቃስታል።

«ጋሼ፣ ካርዱ ደህና ነው» አለኝ። «አየር ነው ያጣው። ሁለት ኬዝ ፋን ያስፈልግሃል።»

እሱ ከሄደ በኋላ ስልኬን አውጥቼ ኬዝ ፋን የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚመረጥ ላንብብ አልኩ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አገኘሁ፤ ስልኩ ራሱ ወደ አማርኛ ገለበጠልኝ። ርዕሱን ላንብብላችሁ፦ «ላረጀ ካርድዎ ጥሩ የጉዳይ ደጋፊ እንዴት ይመርጣሉ?»

ደነገጥኩ። ይኼ ስልክ ጂንካን በየት ያውቃታል?

ቀጠልኩ። «ጸጥ ያለ ደጋፊ ይመረጣል» ይላል። እውነት ነው፤ በየቢሮው ጉዳይ የሚያስጨርሰው የሚጮኸው አይደለም፣ ጥግ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠው ነው። «በቂ ግፊት የሌለው ደጋፊ ጉዳዩን አያቀዘቅዝም» ይላል። ይኼንንም አይቼዋለሁ። «ባለ ሁለት ደጋፊ ጉዳይ ባለ አንድ ደጋፊ ከሆነው ይሻላል» ይላል። ይኼንንማ ማን ይክዳል! ብቻ አንድ ነገር አልገባኝም፦ «አንዱ ደጋፊ ከፊት ያስገባል፣ ሌላው ከኋላ ያስወጣል» ይላል። እኔ እስከማውቀው ድረስ ደጋፊ ያለው ሰው የሚገባው ከኋላ ነው።

በማግስቱ ለታምራት ሳነብለት በሳቅ ፈረሰ። ለካ ስልኩ የኮምፒውተሩን ሣጥን፣ ኬዙን፣ «ጉዳይ»፣ ማራገቢያውን፣ ፋኑን፣ ደግሞ እንደ ኳስ ቲፎዞ ቆጥሮ «ደጋፊ» ብሎታል። ታምራት ስልኩ ተሳሳተ አለ። እኔ ግን በሕይወቴ ካነበብኩት ሁሉ እንደዚያ እውነት የሆነ ጽሑፍ አልገጠመኝም።

ምርጫው መጣ። ከተማችን ውስጥ ያገኘነው ባለ መብራት ማራገቢያ ብቻ ነው። ባለ ሱቁ ሰክቶ አሳየን፤ ቀይ ይላል፣ ሰማያዊ ይላል፣ እንደ ሠርግ ድንኳን ይብለጨለጫል። መዳፌን ፊቱ ላይ ደቅኜ ብጠብቅ ምንም የለም። ንፋሱስ ብለው፣ መብራቱ በጨለማ ሲታይ የበለጠ ያምራል ብሎ መለሰልኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብዬ ወጣሁ። ታምራት ከሞተ ኮምፒውተር ነቅሎ ሊገጥምልኝ ፈለገ፤ የሬሳ ሳንባ ለሕመምተኛ አይገጠምም አልኩት። ባለቤቴ አስቴር ደግሞ ሣጥኑን ከፍተን የጠረጴዛ ቬንትሌተር ፊቱ እንድናቆም መከረች። የጂንካን አቧራ በማራገቢያ ወደ ውስጥ መንፋት ማለት እኮ ነው! እንቢ አልኩ። እንቢ ማለት አይከብደኝም።

በመጨረሻ አርባ ምንጭ ያለ የታምራት ወዳጅ መብራት የሌላቸው፣ ጥቁር፣ መዳፍ የሚያክሉ፣ ንፋሳቸው የተመሰከረላቸው ሁለት ማራገቢያዎች አገኘልን። የላከበት ሾፌር ግን በወይጦ አድርጎ ወደ ቱርሚ የሚታጠፍ ነው፤ ጂንካ አይደርስም። ስለዚህ እኔው ወይጦ ወርጄ ተቀበልኩት።

የወይጦን ሙቀት ለማያውቀው ማስረዳት አይቻልም፤ ለሚያውቀው ደግሞ አያስፈልግም። ሾፌሩ የምግብ ቤቱ ዳስ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ካርቶኑን አገላብጦ አየና፣ ከአርባ ምንጭ ድረስ ያስመጣኸው ይኼን ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ንፋስ ከሆነ የፈለግከው እዚሁ በጆንያ ሞልተን እንሰጥህ ነበር ብሎ ዳሱን ሁሉ አሳቀብኝ።

ማራገቢያዎቼን ታቅፌ ወደ ጂንካ በሚመለስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አሁን ልብ አድርጋችሁ ስሙኝ። መኪናው ጢም ብሏል። ፀሐይዋ ጣራውን ምጣድ አድርጋዋለች። መስኮቱ ሁሉ ግጥም! አጠገቤ ያለውን ሳብ ባደርገው ከኋላዬ አንዲት እናት ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ እየጠመጠሙ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ዝጋው። ንፋስ ይመታኛል።»

«እማማ፣ ሙቀቱስ?»

«ሙቀት ማንን ገደለ?»

አልዘጋም ብዬ ልከራከር ስል መኪናው በሙሉ ተነሣብኝ። አንዱ ጥርሱን ያመዋል። አንዷ አራስ ልትጠይቅ ነው፤ ብርድ ይዛ መግባት አትፈልግም። ክራቫት ያሰረ ሰው ደግሞ ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ ስለ ሳንባ ምች ሰፊ ማብራሪያ ሰጠ። ረዳቱ ሕዝብ ላስፈጅ ነው ወይ የተሳፈርኩት ብሎ በራሱ እጅ ዘጋው። ለአንድ የብረት ሣጥን ንፋስ ተሸክሜ፣ እኔ በሌላ የብረት ሣጥን ውስጥ ተቀቀልኩ።

ቀይ አፈር ስንደርስ ሁሉም ተጋፍቶ ወረደና «ኡፍ» ብሎ አየሩን ሳበ። እማማም ነጠላቸውን ከአንገታቸው ፈትተው ተራገቡበት። ለካ ንፋስ ውጭ ሲሆን ሰው አይመታም! የሚማታው መኪና ውስጥ ሲገባ ነው። ስንነሣ ተመልሰን ዘጋን።

ቤት ደርሼ ማራገቢያዎቹን ለታምራት ሰጠሁት። የመልሱ ቀን እየገፋ መጥቷል፤ አቶ ማርቆስም ስልክ እያስደወሉ ነው። «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል» እያልኩ ራሱ ላይ ቆምኩበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው ስተርተው ነው የኖርኩት። ገጠማቸው፣ ክዳኑን አሰረ፣ አስነሳነው። ደስ የሚል ድምፅ! ሙሽሮቹ ገቡ። ፓስተሩ ባረኩ። ጭፈራው ገና ሳይጦፍ… ድርግም።

ኬኩ ድረስ እንኳ አልደረሰም። በአሮጌዎቹ ማራገቢያዎች የተሻለ ይሄድ ነበር።

ታምራት አንገቱን ደፋ። ካርዱ ራሱ አብቅቶለታል፣ ሌላ ካርድ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው አለ። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መልሱ አልፎ ሙሽሮቹ ይወልዳሉ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ከሠርግ ቀረጻ በፊት ምን ሥራ እሠራ እንደነበር ማስታወስ ጀመርኩ። ቀን ሥራ ነበር፤ ብሎኬት መሸከም። ወገቤን ዳበስ ዳበስ አደረግኩት። እሱም አስታወሰ።

በዚህ መሐል አስቴር ዳንቴሏን ይዛ መጣች። የአስቴርን ዳንቴል ሳልነግራችሁ አልፌያለሁ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ሬዲዮው ዳንቴል አለው፣ ኮምፒውተሩም የራሱ ዳንቴል ተሠርቶለታል። በቤታችን ዳንቴል ያልለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ። እኛ አንገታችንን ደፍተን ሳለ፣ ሥራው ያበቃ መስሏት፣ ማራገቢያው ገና የሚሽከረከረውን ኮምፒውተር ልታለብሰው ዘርጋ አደረገችው። የዳንቴሉ ጫፍ በሣጥኑ ጀርባ በኩል ወረደ። ጥርርርር…

«ዳንቴሌን በላው!»

ሮጠን ነቀልነው። ዳንቴሉ ከኋለኛው ማራገቢያ ውስጥ ተጎልጉሎ ወጣ። አስቴር የእጇን ሥራ ታቅፋ የታምራትን ዘር ማንዘር ስትቆጥር እኔ ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። የኋለኛው እኮ የሚያስወጣው ነው! የሚያስወጣ ነገር እንዴት ይውጣል? ስልኬ እንኳ ያንን አልሳተም።

«ታምራት» አልኩት፣ «ይኼ ከኋላ ያለው ወዴት ነው የሚነፋው?»

ዐይኑን ሣጥኑ ላይ ተክሎ ነገረኝ።

«ጋሼ፣ ጀርባው ወደ ደንበኛ ወንበር ነው። ትኩስ ንፋስ የሰው አንገት ላይ ሊለቅ ሆነ። ደንበኛ ንፋስ ቢመታውስ ብዬ… ወደ ውስጥ አዞርኩት።»

ሰማችሁ? ፊተኛው ያስገባል፣ ኋለኛውም ያስገባል፤ የሚያስወጣ የለም። ከላይ ደግሞ ዳንቴል። የደንበኛ ማጅራት እንዳይቀዘቅዝ ተብሎ ካርዴ በቁሙ ተቀቅሏል! እናንተ የዚህን አገር ሰው ጨካኝ ነው ትላላችሁ። እኔ የምፈራው ደግነቱን ነው።

ልሳደብ አፌን ከፈትኩና ጊዜ እንደሌለኝ ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት። ማራገቢያው ዞረ፣ ዳንቴሉ ቁም ሣጥን ገባ፣ በሩም መስኮቱም ተከፈተ፣ ፊልሙ እንደገና ተጀመረ። ሙሽሮቹ ገና በር ላይ እንዳሉ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አቶ ማርቆስ ራሳቸው። ነገ መልስ ነው፤ ፊልሙን ሳይዙ ላይሄዱ ተሰናድተው መጥተዋል። ሰላም ብለው ሄደው እዚያችው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆዩና አንገታቸውን አሻሹ።

«ምንድነው ይኼ ንፋስ?»

«የልጅዎ ሠርግ ነው» አልኳቸው። «እየወጣ ነው።»

የኮታቸውን ኮሌታ አቆሙ። አልበቃቸውም። ማጅራት ክፉ ነው፣ አንድ የሥራ ባልደረባቸው በዚሁ ነው አፉ የተጣመመው ብለው ታምራትን ማራገቢያውን በካርቶን ጋርደው አሉት። ታምራት ሆዬ ኃላፊ ሲያዝ መቼ ያስችለዋል፤ ካርቶኑን ይዞ መሄድ ጀምሯል! እጁን ያዝኩት።

«አቶ ማርቆስ፣ ወይ አንገትዎ፣ ወይ ፊልምዎ። ሁለቱን አንድ ላይ አልችልም።»

ሰውየው ግራ ተጋቡ። ስንት ዘመን የኖሩት ነገር ሁሉ ለኮሚቴ እየተመራላቸው ነው፤ ለብቻቸው ወስነው አያውቁም። ለነገ ብናሳድረውስ አሉኝ። ነገ መልስ ነው አልኳቸው። እንግዲያው ከዚያ ወንበር ይነሡ እንዳልል ደግሞ… ለኃላፊ «ከወንበርዎ ይነሡ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወዲህ ንፋስ የሌለበት ጥሩ ቦታ አለ ብዬ የእኔን በርጩማ አሳየኋቸው። ወደ ወንበሩ እየተገላመጡ፣ የሚቀማቸው እንዳይኖር እያዩ፣ መጡ። አስቴር ነጠላዋን ሰጠቻቸው፤ አንገታቸው ላይ ጠመጠሙት። ልክ እንደ ሚኒባሷ እናት።

ስክሪኑ ላይ ሙሽራዋ ቢላዋውን አነሳች። ታምራት ዐይኑን ጨፈነ። አስቴር «በኢየሱስ ስም» አለች። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ቢላዋው ወረደ… ኬኩ ተቆረሰ! የሰው ሠርግ ላይ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም፤ በራሴም ጭምር።

ፊልሙ አለቀ። ለአቶ ማርቆስ ከፈትኩላቸው። ጥቂት አይተው ፊታቸው ተኮሳተረ። ምክንያቱም በፊልሙ ውስጥ ላብ በላብ ናቸው። የሠርጉ ዕለት እንግዳውን ንፋስ እንዳይመታው ብለው የድንኳኑን መጋረጃ ሁሉ ያስዘጉት ራሳቸው ነበሩ። ሙሉ ልብስ፣ ሰደርያ፣ ክራቫት፤ ላቡ ከግንባራቸው እየተነሣ አገጫቸው ላይ ይንጠባጠባል። ዳቦ ሲቆርሱ ላብ፣ ሲመርቁ ላብ፣ ከሙሽራዋ አባት ጋር ሲሳሳሙ ላብ ለላብ።

«ላቤን አጥፋልኝ» አሉኝ።

ላብ ለማጥፋት ፊልሙ ሁሉ እንደ አዲስ መውጣት እንዳለበት፣ ለነገም እንደማይደርስ፣ ካርዱም ሽማግሌ እንደሆነ ነገርኳቸው። አልቦዎታል እንጂ እኔ አላላብኩዎትም አልኩ። ፊልሙን ነጥቀው፣ የአስቴርን ነጠላ አንገታቸው ላይ እንደጠመጠሙ፣ ሳይሰናበቱኝ ወጡ። በቃ አለቀልኝ አልኩ። ካርዱ ተረፈ፣ ባለቤቱ ሞተ።

በማግስቱ መልሱ ላይ ከኋላ ቆምኩ፤ ቶሎ ለመውጣት እንዲያመቸኝ። ፊልሙ ተጀመረ። አቶ ማርቆስ በትልቁ ስክሪን ላይ ብቅ ሲሉ ላባቸው እያንዳንዱ ጠብታ ባቄላ አክሎ ይታያል። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እይ፣ እንዴት ለፍቷል» አሉ። «አባት ማለት ይኼ ነው።»

ነገሩ እንደ እሳት ተዛመተ። ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። የሙሽራዋ እናት ዐይናቸውን ጠረጉ። ያ ሁሉ ሰው የአቶ ማርቆስን ላብ ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ ቢሯቸው ስንት ዓመት የተመላለሰ ባለጉዳይ እንኳ አይቶት አያውቅም። ሰውየው መጀመሪያ አቀርቅረው ነበር። ቀስ ብለው ቀና አሉ። ከዚያ መሐረባቸውን አወጡና ደረቅ ግንባራቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

ሰኞ ጠዋት ሱቄ መጡ። ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉት። ሊጣሉኝ መስሎኝ ተነሣሁ። ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያቺን ላቤ የሚታይበትን ብቻ ለብቻዋ ቆርጠህ ታወጣልኛለህ?»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ቢሮ ግምገማ አለብኝ።»